አቤሜሌክ፤ ስለ አንድ ብርቅ የዕብራይስጥ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በብዙ ሰዎች ላይ ሲፈጸም ታይቷል። ነገር ግን ስሙ በእርግጥ ስም ነው ወይስ የሹመት መጠሪያ ብቻ ነው እያሉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት አንድ ሰው በብሉይ ኪዳን ውስጥ ይገኛል። እርሱም ነቢዩን ኤርምያስን ከጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ይህ ስም በዕብራይስጡ መጽሐፍ የተጻፈው በትንቢተ ኤርምያስ በ38ኛውና በ39ኛው ምዕራፍ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ ሰው በቀር በዚሁ ስም የተጠራ ሌላ ሰው በመጽሐፉ ሁሉ የለም። እንደ ዮሴፍ፣ እንደ ዳዊት፣ እንደ ሰሎሞን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ስም አይደለም። ይሁን እንጂ ብርቅ በመሆኑ ታሪኩ አነስተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ከተለመዱት ስሞች ይልቅ ብዙ የሚያነጋግር ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ከመመርመራችን በፊት የሰውዬውን ሥራ ማስታወስ ይገባል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 586 ዓመት አካባቢ፣ የይሁዳ የመጨረሻው ንጉሥ ሴዴቅያስ በኢየሩሳሌም ተከቦ የነበረበት ጊዜ ነው። የባቢሎን ጦር ከተማይቱን ከቧት፣ እህል እያለቀ፣ ሕዝቡም በረኀብ ይሠቃይ ነበር። ኤርምያስ ከተማይቱ እጇን ብትሰጥ ሰው በሕይወት እንደሚተርፍ በግልጥ ይናገር ስለ ነበረ፣ የማታን ልጅ ሰፋጥያስ፣ የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ፣ የሰሌምያ ልጅ ዮካልና የመልክያ ልጅ ጳስኮር የተባሉ አራት መኳንንት «የወታደሩን እጅ ያደክማል» በሚል ነገር በንጉሡ ፊት ከሰሱት። ሴዴቅያስም ነቢዩን አሳልፎ ሰጣቸው፤ እነርሱን ለመከልከል አቅም እንደሌለውም በገዛ አፉ ተናገረ። ከዚያም በዘበኞች አደባባይ በሚገኘው በመልክያ ጕድጓድ ውስጥ በገመድ አወረዱት። ጕድጓዱ የውኃ ማጠራቀሚያ ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ግን ውኃው አልቆ ጭቃው ብቻ ቀርቶ ስለ ነበረ ነቢዩ በጭቃው ውስጥ ሰጠመ።

እነዚህ ከሳሾች የተረት ሰዎች እንዳልሆኑ የሚያስረዳ ነገር በቅርብ ጊዜ ከመሬት ወጥቷል። በኢየሩሳሌም የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ በኤላት ማዛር መሪነት በተደረገው ቁፋሮ፣ በ2005 ዓ.ም. የሸሌምያሁ ልጅ የዬሁካል፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የፓሽሑር ልጅ የገዳልያሁ ማኅተም የታተመባቸው ሁለት ጥቃቅን የጭቃ እንክብሎች ተገኙ። እነዚህ ስሞች በእኛ መጽሐፍ ዮካልና ጎዶልያስ ተብለው የተጻፉት ናቸው። የከሳሾቹ ማኅተም ከሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሲቆይ፣ የአዳኙ ማኅተም ግን አልተገኘም። ምናልባት ማኅተም ለመያዝ የሚያበቃ ሹመት አልነበረው ይሆናል።

አቤሜሌክ ይህን በሰማ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ፣ በብንያም በር ተቀምጦ ወደ ነበረው ንጉሥ ሄደ። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብ እንፈልጋለን። አራቱ መኳንንት ንጉሡን ራሱን ያስፈሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ሰው ግን የሌላ አገር ተወላጅ፣ ወገን የሌለው፣ በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ነው። ነገሩንም በእልፍኝ ውስጥ በሹክሹክታ ሳይሆን ሰው በሚተላለፍበት በከተማው በር ተናገረ። በዕብራይስጡ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ክፉ ሠሩ ብሎ የከሰሰው መኳንንቱን ነው። ሰብዓ ሊቃናት በተረጐሙት በጽርእ መጽሐፍ ግን ንግግሩ ወደ ራሱ ወደ ንጉሡ የቀና ነው፤ ክፉ ያደረግህ አንተ ነህ የሚል ነው። ከሁለቱ የትኛው የቀደመ ንባብ እንደ ሆነ ለመቍረጥ ለሊቃውንት እንተወዋለን። ለእኛ ግን ግሪኩ የሚናገረው ከሰውዬው ጠባይ ጋር የሚስማማ ይመስለናል፤ መኳንንቱን በንጉሡ ፊት ለመክሰስ የደፈረ ሰው ንጉሡን ለመውቀስ ከአንድ እርምጃ በላይ አይርቀውም።

ንጉሡ ሠላሳ ሰዎች ይዞ እንዲሄድ አዘዘው። እርሱም በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ አልሮጠም፤ አስቀድሞ ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ አነሣ። ይህንንም በገመድ አውርዶ፣ ገመዱ እንዳይልጠው ነቢዩ ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርግ ነገረው። የተራበና የከሳ ሰው በገመድ ሲጐተት ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ ማሰቡ፣ ለዚህም የሚሆነው ብጥስጣሽ ጨርቅ የት እንደሚገኝ ማወቁ፣ በቤተ መንግሥቱ ዕቃ ቤት ሲወጣና ሲገባ የኖረ ሰው መሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ወደ ስሙ እንመለስ። በዕብራይስጥ የስሙ ትክክለኛ አነጋገር «ዔቤድ ሜሌክ» ሲሆን ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት ነው። ዔቤድ ማለት አገልጋይ ወይም ባሪያ፣ ሜሌክ ማለት ንጉሥ ስለ ሆነ፣ ጠቅላላ ትርጓሜው «የንጉሥ አገልጋይ» ይሆናል። ግዕዝን ለተማረ ሰው የሚያስደንቀው ግን የሁለቱ ልሳናት ዝምድናና መለያየት ነው። ዕብራይስጡ ዔቤድ «ሠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ግዕዝም በበኩሉ አገልጋይን «ገብር» ሲል «ገብረ» ከሚለው፣ አደረገና ሠራ ከሚል ግሥ አውጥቶ ነው፤ ግብር፣ ገባርና ተግባር የምንላቸውም ከዚሁ የመጡ ናቸው። ሁለቱ ልሳናት በሐሳብ እንዲህ ተስማምተው ሳሉ በቃሉ ተለያዩ። የዕብራይስጡ ፊደላት ዐ፣ በ፣ ደ በግዕዝ ሲገናኙ «ዐብደ»፣ ማለት አእምሮውን ሳተ የሚለውን ቃል ያስገኛሉ። የግዕዙ ገብር ደግሞ በዕብራይስጥ «ጌቤር» ሲሆን ትርጓሜው ወንድ፣ ኃያል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ገብርኤል የሚለውን ስም በግዕዝ ጆሮ ሰምቶ «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ብሎ ቢፈታውም፣ በዕብራይስጡ የኃያልነት ትርጕም ያለው ስም ነው። «ንጉሥ» የምንለውም ቃል ቢሆን በዕብራይስጥ ዘመዱ «ኖጌስ» ሲሆን፣ በኦሪት ዘፀአት በእስራኤል ላይ ሥራ ያጸኑ የነበሩት የፈርዖን አስገባሪዎች የተጠሩበት ነው። ወንድማማች ልሳናት አንድ ርስት ተካፍለው አንዱ በእርሻው ሌላው ቤት ሠራበት እንደ ማለት ነው።

ሜሌክ የሚለውም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በግዕዝ «መለከ» ማለት ገዛ፣ የራሱ አደረገ ማለት ሲሆን፣ «አምላክ» የምንለው ታላቅ ቃል ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ የጠቀስነው «መልአክ» ግን «ለአከ»፣ ማለት ላከ ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ ከዚህ ጋር አይደባለቅም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንገባለን። አንዳንድ ሊቃውንት «የንጉሥ አገልጋይ» የሚለው የሰውዬው ስም ሳይሆን የሥራው መጠሪያ ነው፤ ጸሓፊው የባዕዱን ሰው ስም ባለማወቁ ወይም ባለመፈለጉ እንዲሁ «የንጉሥ ሎሌ» ብሎ ጠራው ይላሉ። ለዚህ የሚያቀርቡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። በእርግጥም «የንጉሥ አገልጋይ» በይሁዳ ቤተ መንግሥት የታወቀ የማዕርግ ስም ነበረ። ንጉሡ ኢዮስያስ የሕጉ መጽሐፍ በተገኘ ጊዜ ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ከላካቸው ሰዎች አንዱ ዓሳያ በዚሁ ማዕርግ ተጠርቷል። በ1932 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን በቴል ኤን ናስቤ የአውራ ዶሮ ሥዕል የተቀረጸበት የድንጋይ ማኅተም ተገኝቶ «የንጉሥ አገልጋይ የያእዛንያሁ» የሚል ጽሕፈት ተነብቦበታል። በ1904 ዓ.ም. በመጊዶ በተገኘውና አንበሳ በተቀረጸበት ማኅተም ላይም ሼማ የተባለ ሹም ራሱን የኢዮርብዓም አገልጋይ ይላል። ከዚህ እንደምናየው አገልጋይ መባል የውርደት ስም አልነበረም፤ የንጉሥን ዓይን የሚያይ ባለሟል መጠሪያ ነበረ። በአገራችንም ቢሆን ታላላቅ ሹማምንት «ብላቴን ጌታ» ሲባሉ ብላቴና መባላቸውን እንደ ነውር የቈጠረው የለም፤ ንጉሡ ላሊበላም የንግሥ ስሙ ገብረ መስቀል ነበረ።

ይሁን እንጂ እኛ ስም ነው ከሚሉት ወገን ነን። ምክንያታችንም የሰዋስው ነው። በዕብራይስጥ ማዕርጉ ሲጻፍ ንጉሥ በሚለው ቃል ላይ «ሀ» የምትባለው መለያ ተጨምራ «ዔቤድ ሀሜሌክ» ይባላል፤ በያእዛንያሁ ማኅተም ላይም የተጻፈው እንዲሁ ነው። በኤርምያስ መጽሐፍ ያለው ግን «ሀ» የሌለበት «ዔቤድ ሜሌክ» ነው። ከዚህም በላይ ያው «ሀ» የሌለበት ስም በጎረቤቶቹ በፊንቄያውያን ጽሑፎች ላይ የሰው ስም ሆኖ ይገኛል። በባዕድ ቤተ መንግሥት የሚያገለግል ሰው አዲስ ስም ይሰጠው እንደ ነበረም ከዮሴፍና ከዳንኤል ታሪክ እናውቃለን። ስለዚህ ሰውዬው ከአገሩ ይዞት የመጣው የኩሽ ስም ሌላ ሆኖ፣ በኢየሩሳሌም ይህ ስም ወጥቶለት ይሆናል፤ ቢሆንም የወጣለት ስም ስሙ ነው። ደግሞም በ39ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ መልእክት ሲልክለት በዚሁ ስም ነው፤ ከተማይቱ ስትወድቅ ነፍሱ እንደ ምርኮ ሆና ትተርፍለታለች የሚል ተስፋ የተሰጠውም በዚሁ ስም ነው። ሴዴቅያስ ዓይኑ ወጥቶ በሰንሰለት ወደ ባቢሎን ተወሰደ፤ አገልጋዩ ግን ተስፋ ተሰጠው።

«ጃንደረባ» ስለሚለውም ቃል ጥቂት እንበል። ዕብራይስጡ «ሳሪስ» ይላል። ይህ ቃል ስልብን ሲያመለክት እንዲሁ ሹምንም ያመለክታል፤ ሚስት የነበረችው ጲጥፋራም በዕብራይስጡ ሳሪስ ተብሏል። በሰብዓ ሊቃናት ትርጕም በ38ኛው ምዕራፍ ይህ ቃል ከነጭራሹ የለም። ስለዚህ ሰውዬው ስልብ ነበረ ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር አይገባም።

ኢትዮጵያዊነቱን በሚመለከት፣ ዕብራይስጡ «ኩሺ» ያለውን ጽርኡ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ተርጕሞታል፤ የእኛም መጽሐፍ ይህንኑ ተከትሏል። በዚያ ዘመን ኩሽ ሲባል ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለው የዓባይ ሸለቆ፣ የናፓታና የመርዌ መንግሥት አገር ነው፤ የዛሬውን ድንበር ይዞ ወደ ኋላ መጓዝ አይቻልም። የኩሽ ሰዎች በኢየሩሳሌም መገኘት ግን በሴዴቅያስ ዘመን የተጀመረ አልነበረም። በ1887 ዓ.ም. በግብጽ በቴል ኤል አማርና ከተገኙት የሸክላ ደብዳቤዎች መካከል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የኢየሩሳሌም ገዥ የነበረው ሰው ለፈርዖን የጻፋቸው ይገኛሉ። በአንደኛው ደብዳቤ የኩሽ ወታደሮች ቤቱን ሰብረው ሊገድሉት እንደ ነበረ ያመለክታል። የዚህ ገዥ ስም አብዲ ሔባ ነው፤ ትርጓሜውም «የሔባ አገልጋይ» ማለት ሲሆን ሔባ ጣዖት ናት። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ አንድ የኩሽ ሰው የዚሁ ዓይነት ስም ይዞ መገኘቱ የታሪክ ጨዋታ ይመስላል። በኤርምያስ ዘመን ደግሞ የነቢዩ የሶፎንያስ አባት ስም «ኩሲ» ነበረ፤ ኩሽ በይሁዳ የሰው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

የስሙ መልክ እንዴት እንደ ተለወጠ ደግሞ እንመልከት። በጽርእ የኤርምያስ መጽሐፍ «አብዴሜሌክ» ተብሎ ደ ፊደሉ ተጠብቋል። «ተረፈ ባሮክ» በምንለው መጽሐፍ ጽርእ ግን «አቢሜሌክ» ሆኖ ደ ወድቃለች። ይህ የአንድ ፊደል መውደቅ ትርጓሜውን ፈጽሞ ለወጠው፤ አቢሜሌክ በዕብራይስጥ «አባቴ ንጉሥ ነው» ማለት ነውና። የንጉሥ አገልጋይ የነበረው ሰው በጸሓፊ እጅ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ተገኘ! ከዚህም የተነሣ ስሙ ከጌራራው ንጉሥና፣ ሰባ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ካረደው ከጌዴዎን ልጅ ስም ጋር ተደባለቀ። አንዳንዱ ጸሓፊ በ«ቢ» አንዳንዱ በ«ቤ» ሲጽፈው፣ ነፍስ አዳኙና ነፍሰ ገዳዩ በአንባቢ አፍ አንድ ሆኑ። እንዲህ ያለ መለወጥ በዚህ ስም ብቻ የደረሰ አይደለም። የእግዚአብሔር ታቦት በቤቱ ሦስት ወር የተቀመጠችበት ሰው በዕብራይስጥ «ዖቤድ ኤዶም» ሲሆን፣ በእኛ መጽሐፍ በጽርኡ መንገድ አልፎ «አቢዳራ» ሆኗል፤ አገልጋይ የሚለው ቃል እዚያም ጠፍቷል።

ሆኖም በአገራችን ይህን ስም ያስወደደው ያው ተረፈ ባሮክ ነው። በዚህ መጽሐፍ እንደ ተነገረው፣ ኤርምያስ የከተማይቱ ጥፋት በቀረበ ጊዜ ከጕድጓድ ያወጣው አቤሜሌክ ጥፋቷን አይቶ እንዳያዝን እግዚአብሔርን ለመነ። በዚህም መሠረት ለበሽተኞች በለስ እንዲያመጣ ቅርጫት አስይዞ ወደ አግሪጳ እርሻ ላከው። በለሱን ከለቀመ በኋላ በቀትር ፀሐይ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ለማረፍ ጋደም ቢል፣ 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ እንቅልፉን ያልጠገበ መሰለው፤ በለሱም ገና ወተቱን ያንጠባጥብ ነበር። ወደ ከተማ ቢመለስ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ከዘመዶቹም አንዱን ሊያውቅ አልቻለም። መንገድ ስቻለሁ ብሎ ተመልሶ ወጣ፤ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ቢጠይቀው ከተማይቱ ኢየሩሳሌም መሆኗን፣ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ ዘመን መቈጠሩን፣ ይህም ወራት የበለስ ወራት አለመሆኑን ነገረው። ከዚያም ደብዳቤና ከዚያው በለስ ጥቂት፣ በንስር አንገት ታስሮ ባቢሎን ላለው ለኤርምያስ ተላከ። አግሪጳ የሚባሉት ነገሥታት የነበሩት ክርስቶስ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ በኤርምያስ ዘመን እንዳልተጻፈ ግልጥ ነው፤ ብዙዎች ሊቃውንትም በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያደርጉታል። ከጽርእ ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቈጥሯል። ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን የግዕዙን ንባብ በ1866 ዓ.ም. አሳትሞታል።

የአይሁድ መምህራንም ሰውዬውን አልረሱትም። ደሬኽ ኤሬጽ ዙታ በተባለው ጽሑፋቸው በሕይወት ሳሉ ወደ ገነት ከገቡት ዘጠኝ ሰዎች መካከል ከሄኖክና ከኤልያስ ጋር ቈጥረውታል። ሌሎቹ ግን ኩሺ የተባለው በምሳሌ ነው በማለት ወደ ሴዴቅያስ ወይም ወደ ባሮክ ሊያዞሩት ሞክረዋል። እኛ ይህን ትርጓሜ ብልህ እንጂ እውነተኛ አንለውም፤ ከጕድጓዱ አፍ ላይ ገመድ ይዞ የቆመውን ሰው በምሳሌ ማጥፋት አይቻልም።

የስሙ መለመድ እንዴት ነው ቢሉ፣ መልሱ እንደ ልሳኑ ይለያያል። በዐረብኛ ያው ስም «ዐብድ አል መሊክ» ሆኖ እጅግ የታወቀ ነው። መሊክ ከእግዚአብሔር ስሞች አንዱ ስለ ሆነ ትርጓሜው ከምድራዊ ንጉሥ ወደ ሰማያዊው ተዛውሯል። ከ685 እስከ 705 ዓ.ም. የገዛውና ዐረብኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ያደረገው ኸሊፋ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ በኢየሩሳሌም የሚታየውን የዓለቱን ጕልላት በ691 ዓ.ም. አካባቢ ያሠራው እርሱ ነው። በአገራችንም በሙስሊሞች ቤት አብዱልመሊክ የተባለ ልጅ በየሠፈሩ አለ። በአይሁድ ዘንድ ግን ዔቤድ ሜሌክ የልጅ ስም ሆኖ አልተለመደም፤ የሚወዱት ወንድሙን «ዖቫድያ»ን፣ በእኛ አጠራር አብድዩን፣ ማለት «የእግዚአብሔር አገልጋይ» የሚለውን ነው። ይህን ስም የያዘው የአክዓብ ቤት አዛዥ መቶ ነቢያትን በዋሻ ሸሽጎ እንጀራና ውኃ ይመግብ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ የእስራኤል የሴፋርድ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል በእርግጥ አይሁድ ናቸው የሚል ውሳኔ ሰጡ። በ1975 ዓ.ም. የመመለስ ሕግ ለእነርሱም እንዲሠራ ሆነ፤ በግንቦት ወር 1991 ዓ.ም. ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ።

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች መካከል አቤሜሌክ ብሎ ልጁን የሚሰይም ሰው ይገኛል፤ ቢሆንም ስሙ ከብርቆቹ ወገን ነው። ጥንት ወላጆች ለዓለም ስም የሚያወጡት የደስታቸውን ወይም የኀዘናቸውን ቃል ስለ ነበረ፣ ለክርስትና ስምም «ገብረ» የሚለው የግዕዝ ቃል ከሥላሴ፣ ከመስቀል፣ ከማርያም ጋር እየተጋጠመ ይበቃቸው ስለ ነበረ፣ ዕብራይስጡን መፈለግ አላስፈለጋቸውም። በከተማ ያለው ትውልድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያልተለመዱ ስሞችን መፈለግ ከጀመረ ወዲህ ግን አቤሜሌክ የሚል ስም አልፎ አልፎ ይሰማል። አንዳንድ አባት ትርጓሜውን ለመጠበቅ ሲል «አብድሜሌክ» ብሎ መጻፍ ይሻል እንደ ሆነ ይጠይቃል። በዕብራይስጡ ሚዛን ትክክል ነው። እኛ ግን መጻሕፍታችን የተቀበሉት፣ ካህናቱም ሲያነቡት የኖሩት «አቤሜሌክ» እንዲጸና እንመርጣለን፤ «ቤ» ብሎ መጻፍ ብቻ ይጠንቀቅ፣ «ቢ» ያለ እንደ ሆነ የጌዴዎንን ልጅ ጠርቷል።